የአሻንጉሊት ሹራብ፦ በተቆራረጠ ቀን ውስጥ የሚያልቅ ሥራ

ሹራብ መሥራት የሚወዱ ሰዎች ሲገናኙ ከአፋቸው የማይጠፋው ነገር "ጊዜ አጣሁ" የሚለው ነው። እውነታቸውን ነው። ሥራ አለ፣ ልጅ አለ፣ የቤት ጣጣ አለ፣ መጠየቅ ያለበት ሕመምተኛ አለ። በጉጉት የተጀመረው ትልቅ ሹራብ በዚህ መሀል ከረጢት ውስጥ ገብቶ ይከርማል። ሲወጣ ደግሞ የቱ ረድፍ ላይ እንደቆመ፣ እጅጌው በስንት እንደተጀመረ ማስታወስ ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል። እኔ የአዋቂ ሹራብ መሥራት አልተውኩም። የእጅ ሥራን ከኑሮዬ ጋር ያስማማልኝ ግን የአሻንጉሊት ልብስ ነው። እንደ እኔ ቀናቸው የተቆራረጠባቸው ሰዎች ቢሞክሩት ብዬ የማውቀውን እጽፋለሁ።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። መካከለኛ ውፍረት ባለው ክር የሚሠራ የአዋቂ ሹራብ ዙሪያው 220 ያህል ቀለበት (መርፌው ላይ የሚያዘው እያንዳንዱ የክር ዙር)፣ ቁመቱ 180 ያህል ረድፍ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ እጅጌዎች ሲጨመሩበት ከ50,000 ቀለበት ያልፋል። በደቂቃ 20 ቀለበት የሚሠራ እጅ ለዚህ ከ40 ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል። 29 ሴንቲ ሜትር ለምትረዝም አሻንጉሊት የሚሆን ባለ እጅጌ ሹራብ ግን በቀጭን ክር ተሠርቶ 2,600 ያህል ቀለበት ነው፤ በዚያው ፍጥነት ከ2 ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። 40 ሰዓት ከየት ይመጣል? 2 ሰዓት ግን ከዚህ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት እየተለቀመ ይሞላል።

ትልቁ ደስታ ለእኔ እዚህ ላይ ነው፤ ሥራው ያልቃል። የቤት ሥራ አያልቅም፤ የታጠበው ነገ ይቆሽሻል፣ የተጠረገው ማታ ይበላሻል። የመሥሪያ ቤት ሥራም አንዱ ፋይል ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል። በሳምንቱ መጨረሻ ላይ ግን አንዲት ትንሽ ሰደርያ አንገቷ ተዘግቶ፣ ክሯ ተቆርጦ፣ ጫፏ ተደብቆ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች። ከእንግዲህ የሚጨመርባት የለም። ይህን ስሜት በሳምንት አንዴ ማግኘት ለሰው ጉልበት ይሰጠዋል ብዬ አምናለሁ።

ዕቃው ሁሉ በአንዲት ዚፕ ያላት ትንሽ ቦርሳ ይገባል፦ መርፌዎች፣ አንድ የክር ጥቅል፣ ትንሽ መቀስ፣ የጨርቅ ሜትር፣ ጫፉ ደነዝ የሆነ የመስፊያ መርፌ፣ እርሳስና ወረቀት። ከስልኬና ከቁልፌ ጋር ሁልጊዜ አብራኝ ናት። ወረፋ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ልጆች ትምህርት ቤት በር ላይ እስኪወጡ ድረስ፣ ድስቱ እስኪፈላ፣ ረጅም የስልክ ወሬ ሲመጣ አወጣታለሁ። ስልክ ሲያወሩ መሥራት የሚቻለው ግን ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ክፍል ብቻ ነው። መጨመርና መቀነስ ያለበትን ረድፍ ጸጥታ ላለበት ሰዓት አቆየዋለሁ። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለት ሥራ ባጠገቤ ይኖራል፤ አንዱ ሳያስቡት የሚሠራ ጉርድ ቀሚስ፣ አንዱ ሐሳብ የሚፈልግ ሹራብ። ከተቆራረጠ ጊዜ ጋር መኖር የሚቻለው እንዲህ ሥራውን ለሁለት በመክፈል ነው። ሌላው ልማዴ ረድፍ ሳልጨርስ አለማስቀመጥ ነው። የአሻንጉሊት ረድፍ 44 ቀለበት ቢሆን ነው፤ "አንዴ ቆዩኝ" ብሎ መጨረስ ይቻላል። የአዋቂውን 220 ግን ማንም አይታገሥላችሁም።

አንድ ቀን ሐኪም ቤት ተራዬን ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ እጄን ሲያዩ ቆዩና፣

"ልጄ፣ ይቺ የሕፃን ካልሲ ናት?" አሉኝ።

"አይ አባቴ፣ እጅጌ ናት። የአሻንጉሊት እጅጌ።"

ተቀብለውኝ አመልካች ጣታቸው ላይ አጠለቋትና ወደ ብርሃኑ ዘረጉት። "ለጣቴ ልክ ናት" ብለው መለሱልኝ። ከዚያ እናታቸው ክር ሲፈትሉ ልጅ ሆነው ያዩትን አጫወቱኝ። የሁለታችንም ተራ እንዴት እንደደረሰ አላወቅንም። ትልቅ ሹራብ ይዤ ስቀመጥ ሰው አያናግረኝም፤ ትንሽ ነገር ሲያይ ግን ማንም ይጠይቃል።

ወደ አሠራሩ ልግባ። መጀመሪያ አሻንጉሊቷን ለኩ። ቁመቷ ብቻ አይበቃም። አንድ ዓይነት ቁመት ያላቸው ሁለት አሻንጉሊቶች አንዷ ቀጭን ወጣት፣ አንዷ ወፍራም ሕፃን ልትሆን ትችላለች። የሚለካው የደረት ዙሪያ፣ የወገብ፣ የዳሌ፣ የራስ፣ የአንገት፣ የክንድና የእጅ ዙሪያ ነው። ከዚያም ከአንገት እስከ ወገብ፣ ከብብት እስከ አንጓ ያለው ርዝመት። የሜትሩ ጫፍ ላይ ያለው ብረት በትንሽ አካል ላይ ልኬቱን ስለሚያዛባ እኔ በክር ጠምጥሜ ክሩን በማስመሪያ እለካለሁ።

የራስን ዙሪያ የሚዘነጋ ሰው ብዙ ነው። የሕፃን መልክ ያላት አሻንጉሊት ራሷ ከደረቷ ይሰፋል። በተፈጥሮም ቢሆን አዲስ የተወለደ ልጅ የራሱ ዙሪያ 35 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲሆን ደረቱ ከዚያ በሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ያንሳል። ስለዚህ በራስ በኩል የሚጠልቅ ልብስ ለእነዚህ አሻንጉሊቶች አይሆንም፤ አንገቱ ራሱን ካሳለፈ ትከሻ ላይ ይወርዳል፣ አንገቱን ከያዘ ራሱን አያሳልፍም። መፍትሔው ኋላውን ክፍት አድርጎ በቁልፍ መዝጋት ነው። ለጀማሪ ደግሞ ኋላው ክፍት የሆነ ልብስ ሌላ ጥቅም አለው፤ ወደፊትና ወደኋላ እየተመላለሱ ጠፍጣፋ አድርገው ስለሚሠሩት በአራትና በአምስት መርፌ መዞር አይጠበቅባቸውም።

ክሩ ቀጭን ይሁን። ወፍራም ክር ለትንሽ አካል ሲሠራ ልብሱ እንደ ጋሻ ይቆማል እንጂ አይወርድም፤ ክንዷም ወደ ጎን ተወጥሮ ይቀራል። እኔ የማዘወትረው በ100 ግራም 400 ሜትር ያህል የሚረዝመውን፣ ለካልሲ የሚሠሩበትን ዓይነት ክር ነው። የክሩ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ክብደቱና ርዝመቱ ተጽፎ ስለሚገኝ ከዚያ ማየት ነው። በዚህ ክር ለአዋቂ ሲሠራ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ መርፌ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ 28 ያህል ቀለበት ይወጣል። ለአሻንጉሊት ግን 2.25 ሚሊ ሜትር መርፌ ወስጄ ጠበቅ አድርጌ ስሠራ 32 ይሆናል። ጠበቅ ያለ ሥራ በትንሽ ልብስ ላይ ያምራል፤ ገላዋ በቀዳዳው አያሳይም፣ ቅርጹንም ይይዛል።

ለአንዲት ሹራብ የሚያስፈልገው ክር ከ10 ግራም አይበልጥም። ስለዚህ ከትልቅ ሥራ የተረፈ ቁራጭ ሁሉ ጥቅም አለው። ለአባቱ ከተሠራ ሹራብ የተረፈ ክር ለልጁ አሻንጉሊት ልብስ ሲሆን አይቻለሁ። ልጁ "እንደ አባዬ ለበሰ" እያለ ለሰው ሁሉ ሲያሳይ ዋለ።

አሁን የሂሳቡ ጉዳይ፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። ኤልዛቤት ዚመርማን (1910–1999) እንግሊዝ ተወልዳ አሜሪካ የኖረች ስመ ጥር የሹራብ መምህርት ነበረች። ሹራብን በመቶኛ ማስላትን ያስተማረች እሷ ናት፦ የደረቱ ዙሪያ 100 ከተባለ፣ የእጅጌው አንጓ 20 በመቶ፣ የእጅጌው ላይኛ ክፍል 33 በመቶ አካባቢ፣ አንገቱ 40 በመቶ፣ በብብት ሥር የሚቀመጠው 8 በመቶ። ዘዴው ለሰው የታሰበ ነው። የሰው ምጥን ባላት አሻንጉሊት ላይ ግን በሚገርም ሁኔታ ይሠራል።

29 ሴንቲ ሜትር የምትረዝመውን ቀጭኗን አሻንጉሊት እንውሰድ። ደረቷ 13 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ለምቾት 1 ሴንቲ ሜትር ጨምሬ 14 አደርገዋለሁ። በ1 ሴንቲ ሜትር 3.2 ቀለበት ካለኝ 14 ሲባዛ በ3.2 ወደ 45 ይጠጋል፤ ለማካፈል እንዲመች 44 እይዛለሁ። 40 በመቶው ወደ 18፣ 33 በመቶው 14 ወይም 15፣ 20 በመቶው 9፣ 8 በመቶው 4 ይሆናል። አንጓውን 9 ማድረግ ግን አልመክርም። የሰው እጅ ይታጠፋል፣ የአሻንጉሊት እጅ ግን ደረቅ ነው፤ ጣቶቿም ክር ይይዛሉ። 12 አድርጌ ጀምሬ 14 ላይ እደርሳለሁ።

ከታች ወደ ላይ ሠርቼ ብብት ስደርስ ከሰውነቱ በሁለቱም ወገን 4፣ 4 ቀለበት ሳልሠራ እተዋለሁ። ከእያንዳንዱ እጅጌም 4 እተዋለሁ። የቀረው 36 እና ሁለት ጊዜ 10፣ በድምሩ 56 ሆኖ አንድ መርፌ ላይ ይሰባሰባል። አራቱ መገጣጠሚያዎች ላይ ግራና ቀኝ አንዳንድ፣ በጠቅላላው 8 ቀለበት በየሁለተኛው ረድፍ እቀንሳለሁ። 4 ጊዜ ሲቀነስ 24፣ 5 ጊዜ ሲቀነስ 16 ይቀራል። አንገቱ ሰፋ ያለ እንዲሆን ከፈለግሁ አራተኛው ላይ፣ የተዘጋ አንገት ካማረኝ አምስተኛው ላይ አቆማለሁ። ኋላው የሚከፈት ከሆነ ለመደራረቢያ መጀመሪያውኑ 2 ወይም 3 ቀለበት ይጨመራል። የተተዉት የብብት ቀለበቶች መጨረሻ ላይ በመስፊያ መርፌ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ሹራቡ ይኸው ነው። የአዋቂ ሹራብ የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ይህን ሦስት አራት ጊዜ በትንሹ የሠራ ሰው ትልቁን ሲጀምር አካሄዱ እጁ ውስጥ ይሆናል። አንገት አወጣጥ፣ እጅጌ አገጣጠም፣ ቁልፍ ማስገቢያ፣ ባለ ሁለት ቀለም ጥለት ሁሉ እኔ መጀመሪያ በአሻንጉሊት ልብስ ላይ ነው የምሞክረው። ሐሳቡ ባይሰምር የሚፈታው የአንድ ምሽት ሥራ ነው።

ትንሽ ልብስ ግን ጥንቃቄን ይጠይቃል። ከ220 ቀለበት አንዱ ቢጎድል ከግማሽ በመቶ ያነሰ ነው፤ ማንም አያየውም። ከ44 አንዱ ቢጎድል ግን ከ2 በመቶ በላይ ነው፤ ይታያል። ቋጠሮም እንዲሁ። በትልቅ ሹራብ ውስጥ የሚጠፋው ቋጠሮ በአሻንጉሊት ደረት ላይ እብጠት ይሆናል። ስለዚህ ክር ስቀይር አልቋጥርም፤ የሁለቱን ክሮች ጫፍ እየሠራሁ ከኋላ አብሬ አሳልፋለሁ። ጠርዙ እንዳይጠቀለል የመጀመሪያዎቹን አራት ረድፎች ሁሉንም አንድ ዓይነት፣ ወይም በየረድፉ ውስጥ አንዱን ቀለበት ቀጥታ አንዱን ግልብጥ እያደረግሁ እሠራቸዋለሁ። ካለቀ በኋላ ለብ ባለ ውኃ ነክሬ፣ ሳልጠመዝዝ በፎጣ ጨምቄ፣ ቅርጹን አስተካክዬ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አደርቀዋለሁ። ይህን የመጨረሻ ሥራ የሚዘል ሰው ልብሱን ግማሹን ብቻ እንዳየው ይቁጠረው። ውኃ የነካው ሱፍ ቀለበቶቹ ተስተካክለው ይተኛሉ፤ እጃችሁ እንዲህ ይሠራል ብላችሁ የማታስቡት ነገር ይወጣል።

ጣቶቿ ክር እየያዙ ለሚያስቸግሩ፦ ከማልበሳችሁ በፊት እጇን በቀጭን ላስቲክ ወይም በወረቀት ጠቅልሉት፤ እጅጌው ይንሸራተታል። ለልጆቹም አስተምሯቸው፤ ይወዱታል።

በኪሮሽ የሚሠሩም ይህንኑ ልኬት ይዘው መሥራት ይችላሉ። የኪሮሽ ሥራ ወፈርና ደረቅ ስለሚል ለኮፍያ፣ ለቦርሳና ለካፖርት እመርጠዋለሁ፤ ለሚወርድ ቀሚስ ግን የሹራብ መርፌ ይሻላል።

ስለ ማያያዣ አንድ ነገር ልበል። ተጣባቂ ጨርቅ ለልጅ እጅ ቀላል ቢሆንም ከክርና ከአሻንጉሊት ፀጉር ጋር ይጣላል፤ ሻካራው ወገን ሹራቡን እየነጨ ያሻክረዋል። ተጫኖ የሚዘጋ ትንሽ ቁልፍ ወይም ከ6 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ቁልፍ ከክር ቀለበት ጋር ያምራል። ልጁ ከ3 ዓመት በታች ከሆነ ግን ቁልፍም ዶቃም አይደረግ። በአሜሪካ የአሻንጉሊት ደኅንነት ደንብ ትንንሽ ነገሮች የሚፈተኑበት ሲሊንደር ስፋቱ 31.7 ሚሊ ሜትር ነው። ለዚህ ዕድሜ በሚዘጋጅ መጫወቻ ላይ እዚያ ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ ለመታነቅ አደጋ ስለሚሆን ይከለከላል። የእኛ ቁልፍ ደግሞ ከዚያ በጣም ያንሳል። ለትንንሾቹ የሚሆነው፣ የአሻንጉሊቷ ራስ ከደረቷ የማይሰፋ ከሆነ፣ ሰፋ ያለ አንገት ያለው፣ ጎትተው የሚያጠልቁት ልብስና ወገቡ ላስቲክ የሆነ ጉርድ ቀሚስ ነው። ረጅም ክርና ማሰሪያም አይንጠልጠልበት።

ቀለም የሚለቅ ክር ሌላው ጠንቅ ነው። ቀይ፣ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ክር ከቪኒል በተሠራ ገላ ላይ ቆይቶ ሊያቀልም ይችላል፤ ቪኒል ውስጥ የገባ ቀለም በቀላሉ አይወጣም። ደማቅ ክር ስጠቀም በመጀመሪያ ቁራጩን አርጥቤ ነጭ ጨርቅ ላይ እጫነዋለሁ። ጨርቁን ካቀለመ ውኃው እስኪጠራ አጥበዋለሁ፣ ወይም ነጭ ገበር እሰፋበታለሁ። ልብሱ በገላዋ ላይ ለወራት አይቀመጥም።

የዚህ ሥራ ደንበኞች ልጆች ናቸው፤ እነሱን የመሰለ ደንበኛም የለም። የእህቴ ልጅ አንድ ጊዜ ከሻካራ ሱፍ የሠራሁትን ሹራብ ለአሻንጉሊቷ ካለበሰች በኋላ መጥታ "አክስቴ፣ ይሄኛው ይበላታል" አለችኝ። እኔም ክሩን አንገቴ ላይ አድርጌ ሞከርኩት፤ እውነትም ይበላል። ከዚያ ወዲህ ክር የምመርጠው አንገቴ ላይ አድርጌ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ "ዛሬ ሥራ ስለምትሄድ ኪስ ያስፈልጋታል" ትላለች። ኪስ ሠራሁ፤ አምስት ቀለበት በስምንት ረድፍ። በማግሥቱ ኪሱ ውስጥ የታጠፈች ቁራጭ ወረቀት አገኘሁ፤ ደብዳቤ መሆኗ ነው። ልጆች ሲጫወቱ ስለ ራሳቸው የማይናገሩትን ስለ አሻንጉሊቷ ይናገራሉ። "በርዷታል"፣ "ብቻዋን ማደር አትወድም"፣ "ትምህርት ቤት ደስ አላላትም።" ልብሱን እየለካሁ ይህን መስማት ለእኔ ከሥራው እኩል ነው። አንዳንዴም ከዚያ ይበልጣል። አጠገቤ ሆና መርፌውን ዓይን ዓይኑን ስታይ ሁለታችንም ሥራ ላይ ስለሆንን ወሬው ራሱን ችሎ ይመጣል፤ ፊት ለፊት አስቀምጦ "ምን ሆንሽ?" እንደ ማለት አይደለም።

የቀለም ነፃነቱን ሳልጠቅስ አላልፍም። ለአዋቂ ሲሠራ ሰው ይለብሰው ይሆን፣ ከሱሪው ጋር ይሄድ ይሆን፣ ያወፍረው ይሆን ተብሎ ይታሰባል። ለአሻንጉሊት ግን ብርቱካንማ ካፖርት ከሐምራዊ ኮፍያ ጋር ቢሠራ ማንም አይከፋውም። ለራሴ ልለብሰው የማልደፍረውን ቀለም ሁሉ እዚያ ላይ አየዋለሁ። ከእነዚህ ሙከራዎች አንዳንዶቹ በኋላ የአዋቂ ሹራብ አንገት ላይ እንደ ቀጭን መስመር ገብተዋል።

ይህ ሥራ ያረጋጋል የሚለውን ብዙ ሰው ይናገራል፤ የተጠናም ነገር አለ። በ2013 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የሙያ ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ሹራብ የሚሠሩ 3,545 ሰዎችን ከተለያዩ አገሮች ጠይቆ ነበር። አዘውትረው የሚሠሩት ከሠሩ በኋላ የበለጠ መረጋጋትና ደስታ እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። መላሾቹ ሥራውን አስቀድመው የሚወዱ ሰዎች መሆናቸውን መርሳት የለብንም፤ መድኃኒት ነው ብዬ ለማንም አልናገርም። በራሴ የማውቀው ግን እጄ ሲቆጥር ሐሳቤ መባዘኑን እንደሚተው ነው። ከባድ ስብሰባ ካለፈ በኋላ ወደ ቤት ስመለስ አሥር ረድፍ ከሠራሁ የስብሰባውን ቁጣ ይዤ በር አላንኳኳም።

"ለአሻንጉሊት ይህ ሁሉ ድካም?" የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ነገሩን እንደ ትንሽ አላየውም። ባርቢ በመጋቢት 1959 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ በተካሄደ የመጫወቻዎች ትርዒት ስትቀርብ ልብሶቿም ለብቻቸው ይሸጡ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልብሶቹን የሰፉት ቤታቸው ሆነው የሚሠሩ ጃፓናውያን ናቸው፤ ጥቃቅኑን ዚፕና ቁልፍ በእጃቸው እየገጠሙ። ከዚያ በላይ ልቤን የሚነካው ግን የካናዳዊቷ ካሮል ኢስፌልድ ታሪክ ነው። ልጇ ማርክ በቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ሰላም አስከባሪ ወታደር ሆኖ ፈንጂ ያመክን ነበር። በጦርነቱ መሀል ለሚያገኛቸው ልጆች እንዲሰጥ እናቱ ከክር የተሠሩ ትናንሽ አሻንጉሊቶች ትልክለት ነበር። ማርክ በ1994 እ.ኤ.አ. ክሮኤሽያ ውስጥ ፈንጂ ገደለው። ጓዶቹ ሥራው እንዳይቋረጥ ጠየቁ፤ አሻንጉሊቶቹም በቅጽል ስሙ "ኢዚ" ተብለው በብዙ ፈቃደኛ እጆች መሠራታቸውን ቀጠሉ። ወታደር ኪሱ ውስጥ ይዟት የሚሄድ መጫወቻ ትንሽ መሆን አለባት። ትንሽነቷ ነው ልጆቹ ዘንድ ያደረሳት።

መጀመር ለምትፈልጉ ሹራቡን በመጀመሪያ አትያዙት። ስካርፍ ሥሩ፤ 10 ቀለበት ይዞ እስኪረዝም መመላለስ ነው፣ አንድ ምሽት ይበቃዋል። ቀጥሎ ጉርድ ቀሚስ፦ የዳሌዋ ዙሪያ በ3.2 ተባዝቶ፣ ሰፋ እንዲል ግማሹን ያህል ጨምራችሁ ጀምሩና ወገብ ላይ ስትደርሱ በአንድ ረድፍ ሁለት ሁለቱን አንድ እያደረጋችሁ ቀንሱ፤ ላስቲክ አስገቡበት። ከዚያ እጅጌ የሌለው ሰደርያ። አራተኛው ላይ ባለ እጅጌው ሹራብ አያስፈራችሁም። 3.2 የእኔ እጅ ቁጥር ስለሆነ የራሳችሁን እወቁ፤ 30 ቀለበት ይዛችሁ 30 ረድፍ ሥሩ፣ መሀሉ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ቀለበት እንዳለ ቁጠሩና ለ5 አካፍሉ። ናሙናውን አትፍቱት፤ ለአሻንጉሊት ቤት ምንጣፍ ወይም ብርድ ልብስ ይሆናል። ትንሽ ነገር ስንሠራ የሚባክን ነገር የለም።

በመጨረሻ ደብተር ያዙ። ለእያንዳንዷ አሻንጉሊት አንድ ገጽ፦ ልኬቷ፣ የክሩ ዓይነት፣ የመርፌው ቁጥር፣ የቀለበቱ ብዛት፣ ምን እንደጠበበ፣ ምን እንደሰፋ። በስጦታ ስትሰጡም የዚያን ገጽ ግልባጭ ከልብሱ ጋር አድርጉት። የልጅቷ አያት ወይም አጎት መርፌ ይዘው ሊቀጥሉበት ይችላሉ፤ ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆኖ አይቻለሁ፤ አንደኛው ገጽ ላይ በሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ "እጅጌውን 2 ረድፍ አስረዝሜዋለሁ" የሚል ተጨምሮበት ተመልሶልኛል።